ጀርባዋ ያልተገጠበ አህያ

በእኛ ቤት ሽርሽር ሲታሰብ ሁልጊዜ የሚቸግረው የእማዬ ጉዳይ ነው። ልጆቹ ባሕር ይላሉ። እማዬ አሸዋ ላይ መራመድ አትችልም፤ ጉልበቷ እሺ አይላትም። የገበያ ማዕከል ከሄድን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሁላችንንም ቦርሳ ስትጠብቅ ትውላለች። እሷን ቤት ትቶ መሄድ ደግሞ ለእኔ አይሆንልኝም። ምግቡም አይጣፍጠኝም።

ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ፣ መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ እንስሳት የሚያዩበት ፓርክ የተባረከ ነገር ነው። ሁሉም እኩል ይቀመጣል፣ ሁሉም እኩል ያያል። ማንም ማንንም "ቶሎ በል" አይልም። አያት ከፊት ወንበር፣ ልጆች ከኋላ፣ መኪናው እየተንፏቀቀ። ነገሩ ከአፍሪካ ውጭ የተጀመረው እንግሊዝ አገር፣ ሎንግሊት በሚባል የመኳንንት ርስት ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ እስራኤል ውስጥ ደግሞ የራማት ጋኑ ሳፋሪ በ1974 ተከፈተ። ጉማሬና አውራሪስ ለማየት የሚፈልግ ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው። አብዛኛው ሐበሻ ቤተሰብም ያውቀዋል።

እኔ ግን ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ስለ ሌላው ነው። ደቡብ፣ በረሃው ውስጥ ስላለው ስለ ሐይ ባር ዮትቫታ።

ወደ ኤላት የሚሄድ ሰው መንገድ 90 ላይ ምልክቱን እያየው ያልፋል። ከኤላት በስተሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። 12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን የግራር ሜዳና አሸዋ በአጥር ተከልሎ በራስ መኪና ይጎበኛል። አንበሳ የለም፣ ዝሆንም የለም። ልጆች "ታዲያ ምን ሊታይ ነው?" ይላሉ። የእኔዎቹም ብለዋል። መልሱ ረጅም ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

የሄድነው በታኅሣሥ አካባቢ በሚውለው የአይሁድ በዓል፣ በሐኑካ ዕረፍት ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ በዚህ አገር በጋ፣ አትሞክሩት፤ አራቫ በሚባለው በዚህ የበረሃ ሸለቆ ውስጥ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፣ እንስሳቱም ጥላ ፍለጋ ይጠፋሉ። ከቤርሳቤህ በማለዳ ተነሥተን በመንገድ 40፣ በሚጽፔ ራሞን በኩል ወረድን። በሌላኛው መንገድ መሄድ ይቻል ነበር። ይህኛውን የመረጠው ባለቤቴ ነው፤ እማዬ ገደል ስታይ አገሯን ታስታውሳለች ብሎ። እሷ የጎንደር፣ የወገራ ሰው ናት።

ሚጽፔ ራሞን ቡና ልንጠጣ ስንቆም ገና ከመኪና ሳትወርድ ጮኸች። "ዋልያ! እንዴ፣ ልጄ፣ ዋልያ እዚህ ምን ይሠራል?" እውነቷን ነው። እዚያ ከተማ ውስጥ የበረሃ ፍየሎች አስፋልት ላይ፣ ሰው ግቢ ውስጥ እንደ ልባቸው ይዞራሉ። ቀንዳቸው ወደ ኋላ ቆልመም ያለ፣ ጉጥ ጉጥ ያለበት። የስሜን ዋልያ የቅርብ ዘመድ ናቸው። ልጄ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ለማንሳት ስትሮጥ እማዬ በመስኮት "ቀስ በይ፣ ከፊት አትምጪባቸው፣ ከታች በኩል ዙሪ" እያለች ታስተምራት ጀመር። ልጄም እንደተባለችው አደረገች። ፎቶው ግሩም ሆኖ ወጣ።

ይህችን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። እማዬ እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ሁልጊዜ የሚነገራት እሷ ናት። ሐኪሙ ይነግራታል፣ ባንኩ ይነግራታል፣ የልጅ ልጆቿ የስልኩን ቁልፍ ያሳዩዋታል። በዚያ ቀን ግን መንጋ ስለማየት፣ ስለ ኮቴ፣ ስለ ነፋስ አቅጣጫ የሚያውቅ ሰው መኪናችን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር።

ፓርኩ በር ላይ የሚነገረው ጥቂት ነው። በር አትክፈቱ። ከመኪና አትውረዱ። ምግብ አትስጡ። ቀስ ብላችሁ ንዱ። ይኼኔ ትንሹ ልጄ ሽንቱ እንደመጣ ትዝ አለው። ወላጅ የሆነ ያውቀዋል፤ ከመግባታችሁ በፊት ሁሉንም መጸዳጃ ቤት አስጎብኙ።

መጀመሪያ የመጡት ሰጎኖቹ ናቸው። መኪና አይፈሩም። አንዷ አጠገባችን ቆማ በእማዬ መስኮት በኩል ቁልቁል ተመለከተችን። ሰጎንን በዚያ ቅርበት አይቼ አላውቅም ነበር። ሽፋሽፍቷ ረጅምና ወፍራም ነው፤ ዓይኗ ቡናማ፣ ትልቅ፣ እርጥብ። አንገቷ ላይ ያለው ላባ ስስ ከመሆኑ የተነሣ ውስጡ ያለው ቆዳ ይታያል። ከዚያ የጎን መስታወቱን በመንቆሯ ቀጭ ታደርገው ጀመር። ልጁ በሳቅ ሊሞት። እጁ ውስጥ የያዘውን ቆሎ ሊሰጣት መስኮት ሲፈልግ አያቱ እጁን ያዘችው። "የተከለከለ ነው ተብሏል እኮ፣ የኔ ሆድ። የሰው ቤት ገብተን የሰው ከብት አናበላም።" ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

ከዚያ አዳክስ የሚባሉት የሰሐራ እንስሳትና ሳላዎቹ መጡ። አዋሽ ፓርክን ያየ ሰው ሳላን ያውቃል። እዚህ ያሉት የሰሐራና የዓረብ ዘመዶቿ ናቸው፤ ነጫጭ፣ ቀንደ ረጃጅም። አዳክስ በዱር ቀርቷል ከተባለ ኒጀር አካባቢ በጣት የሚቆጠር ነው። የሰሐራው ሳላ ከዱር ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በየፓርኩና በየግቢው ተጠብቆ ከቆየው ዘር ተውጣጥቶ በ2016 ቻድ ውስጥ እንደገና ወደ ሜዳ ተለቀቀ፤ እዚያም ወለደ። በ2023 መጨረሻ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት "ከዱር የጠፋ" የሚለውን ስም አነሣለት። የዓረቡ ሳላም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የመጨረሻዎቹ በ1972 ኦማን ውስጥ ተገደሉ፣ በ1982 እዚያው ተመለሱ፣ እዚህ አራቫ ውስጥ ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ከአጥር ወጥተው ተለቀዋል።

ሐይ ባር የተከለለውም ለዚህ ነው። በ1960ዎቹ ሐሳቡን ከገፉት ሰዎች አንዱ አቭራሃም ዮፌ ናቸው፤ ጄኔራል ነበሩ፣ በኋላ የተፈጥሮ ጥበቃውን መሥሪያ ቤት መሩ። ዓላማቸው በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሱ፣ ከአገሩ ግን የጠፉ እንስሳትን ከያሉበት ማሰባሰብ፣ ማራባትና ወደ ሜዳ መመለስ ነበር። ስለዚህ ፓርኩ የሚደሰተው እንስሳቱ ሲወጡለት ነው። ለልጆቼ ይህን ስነግራቸው ሴቷ "ታዲያ ሁሉም ከወጡ እኛ ምን እናያለን?" አለችኝ። "በመንገድ ላይ እናያቸዋለና" አልኳት። እውነትም ነው። ከዚህ የወጡት የእስያ የዱር አህዮች በ1982 ራሞን ገደል ውስጥ መለቀቅ ጀመሩ። ዛሬ ኔጌቭ በሚባለው የደቡብ በረሃ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ አሉ። ጠዋት ባለፍንበት አገር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከግራሮቹ ማዶ አምስት ስድስት አህዮች ቆመዋል። ባለቤቴ ሊያልፋቸው ነበር። አህያ ለማየት ማን ይቆማል? እማዬ ግን "ቁም፣ ቁም" አለች። ሞተሩን አጠፋ።

ሰውነታቸው ዳልቻ ነው፣ ወደ ቀይነት የሚያደላ። ሆዳቸው ነጣ ያለ። ጋማቸው አጭርና ቀጥ ብሎ የቆመ። እግራቸው ነጭ ሆኖ ከቁርጭምጭሚት እስከ ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል፤ ከላይ አህያ፣ ከታች የሜዳ አህያ። ልጆቹ "ተቀላቅለው ነው?" አሉ። አልተቀላቀሉም። የሶማሌ የዱር አህያ የሚባለው ይህ ነው፤ በዱር የቀረው መኖሪያው የኛው አፋርና የኤርትራ ደንከል ነው።

እማዬ ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየቻቸው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "ጀርባዋን እዩት። አንድም አልተገጠበም።"

ልጆቹ አልገባቸውም። ስለዚህ ነገረቻቸው። አህያ በእሷ አገር እህል ትጭናለች፣ እንጨት ትጭናለች፣ ውሃ ትጭናለች። ጭነቱ ያዘነበለ እንደሆነ ገመዱ ቆዳዋን ይበላዋል። ቁስሉ ሳይድን ሌላ ገበያ ይደርሳል፤ እንደገና ይጫናል። ዝንብ ይወረዋል። ሲድን ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። በሕይወቷ ያየቻቸው አህዮች ሁሉ ጀርባቸው ላይ ይህ ነጭ ምልክት ነበረባቸው። ቁስሉ የዕድሜዋ ልክ ነው የሚመስላት። "እንዲህ ሆና ነው የተፈጠረችው ለካ" አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር።

ቀጥላ ሌላ ነገር አስተዋለች። "ትከሻዋ ላይ የሚወርደው ጥቁር መስመርስ የታል?" የአገራችን አህያ ጀርባዋ ላይ አንድ መስመር፣ ትከሻዋ ላይ ሌላ መስመር አላት። እነዚህ ላይ የትከሻው የለም። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ቤት ስገባ አነበብኩ። የትከሻው መስመር የኑቢያ የዱር አህያ ምልክት ነው፤ የእግሩ መስመር የሶማሌው። የኑቢያው ዛሬ በዱር የለም ተብሎ ይታመናል። እማዬ የምታውቀው መስመር የጠፋው ዘመድ ማስታወሻ ነው።

የቤት አህያ ምንጩ የአፍሪካ የዱር አህያ ነው። በ2022 የወጣ ትልቅ የዘረመል ጥናት አህያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላመደችው ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወደ ግብፅ፣ ከዚያ ወደ ዓለም ሁሉ። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያላት አገር ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። ቁጥሩ በሚሊዮኖች ነው። ከጎንደር ገበያ እስከ መርካቶ በር ድረስ ዳቦአችን በአህያ ጀርባ የመጣ ነው። የዱሩ ዘር ግን በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ200 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው ያንገበግበኛል። ከማንም በላይ አህያ ያለን እኛ ነን። የአህያን ሥር ማን ይጠብቅ?

ኢትዮጵያ ሞክራለች፣ ይህን መካድ አይገባም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራና ጅቡቲ የሚሄድ ሰው የያንጉዲ ራሳን ሜዳ አቋርጦ ያልፋል። በ1977 እዚያ ፓርክ እንዲኖር ሲታቀድ ዋናው ምክንያት ይህቺው የዱር አህያ ነበረች። ፓትሪሺያ ሞህልማን የተባሉ ተመራማሪና ኢትዮጵያዊው ፋኑኤል ከበደ ከአፋር አርብቶ አደሮች ጋር ሆነው፣ ኤርትራ ውስጥ ደግሞ ሐጎስ ዮሐንስ፣ ለዓመታት ሲከታተሏት ኖረዋል። ችግሩ ተደራራቢ ነው። ድርቅ ሲመጣ ውሃና ሣሩ ለፍየሉም ለግመሉም አይበቃም። አንዳንዱ ለሥጋዋ፣ አንዳንዱ ለመድኃኒት ብሎ ይገድላታል። የቤት አህያ ሜዳ ላይ ከተለቀቀ ደግሞ ይደባለቃል፤ ዘሩ ይቀየጣል። አፋርን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ አልወቅስም። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ውሃ ጥም እነዚህ እንስሳት እስከ ዛሬ የቆዩት ከአፋር ከብት ጎን ነው። ሊጠበቁ የሚችሉትም አርብቶ አደሩ ሲጠቀም ብቻ ይመስለኛል።

ወደ መውጫው ስንቃረብ አንድ የፓርኩ ሠራተኛ መኪናውን አጠገባችን አቆመ። እማዬ በእኔ አስተርጓሚነት ጠየቀችው። "ሌሎቹ ወደ አገራቸው ተለቀዋል አላችሁ። የእኛዎቹስ መቼ ነው?"

ወጣቱ ጥያቄውን በቁም ነገር ወሰደው። እዚህ አገር የሚለቀቀው የእስያው ዝርያ ብቻ ነው አላት፤ የቀድሞው የዚህ በረሃ ነዋሪ እሱ ስለሆነ። የሶማሌዎቹ እዚህ በአደራ ነው ያሉት። የእያንዳንዳቸው ስምና ወላጅ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ በዓለም ዙሪያ ያሉትን ሁሉ ያጠቃልላል። ማን ከማን እንደሚዳቀል በዚያ ይወሰናል፣ ዘሩ እንዳይደክም። አንድ ቀን አፋር ውስጥ ሰላምና ውሃ ያለው ቦታ ከተዘጋጀላቸው፣ ሊሄዱ የሚችሉት ከእንደዚህ ዓይነት መንጋ ነው።

እማዬ አዳመጠች። "አደራ ከሆነ ደህና" አለች። ከዚያ ጨመረች፦ "አደራ ግን ባለቤቱ ካልጠየቀ ይረሳል።"

ይህን ዓረፍተ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ ሁሉ አድርሱልኝ ብትለኝ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኝለትም። የሚኒስቴር ሰው ያንብበው፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ያንብበው። ቻድ ድሃ አገር ናት፣ ሳላዋን መልሳለች። በፌብሩዋሪ 2024 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድና መሸጥ በአህጉሩ እንዲቆም ወስነዋል። ለቤት አህያ ይህን ያህል ከታሰበ፣ እናቷንም ማሰብ ከባድ አይደለም።

ከሜዳው ከወጣን በኋላ የአዳኝ እንስሳቱን ክፍል በእግር አየን። አጭር ስለሆነ እማዬም በምርኩዟ ቻለችው። ተኩላዎቹን ብዙም አልወደደቻቸውም። ጅቡ ዘንድ ግን ቆመች። "ይሄ ጅብ አይደለም" አለች ቆርጣ። ልጄ ሰሌዳውን አነበበችላት፤ ጅብ ይላል። "ሰሌዳው ተሳስቷል። ጅብ ነጠብጣብ ነው፣ ደረቱ ሰፊ ነው። ይሄ መስመር መስመር ያለው፣ ጋማው የተንጨባረረ ምንድን ነው?" ሁለቱም ልክ ናቸው። ጎንደር ሌሊት የሚያስተጋባው ነጠብጣቡ ነው። እዚህ ያለው ባለ መስመሩ፣ አነስ ያለው፣ ድምፁን የማያሰማው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ ግን ወገራ ያደገ ሰው የሚያውቀው አንዱን ነው። ከዚያ ልጆቹ ጅቡ የእማማን አህያ በልቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁ። በልቷል። አንድ ጊዜ በጋጥ በር ገብቶ። ወንዱ አህያ ምን አደረገ? ሮጠ። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" የሚለውን ተረት ልጆቼ የሰሙት ጅብ ፊት ቆመው ነው።

የጨለማው ቤትም አለ። ቀንና ሌሊቱን በመብራት ገልብጠውት፣ የሌሊት እንስሳቱ በቀን ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። ትንሹ ፈራ፣ ቶሎ ወጣን።

ስንመለስ ዮትቫታ ኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር ነው) መደብር ቆምን። ወተቱ እዚያው ስለሚመረት ደቡብ የወረደ ሁሉ ሾኮ፣ ማለትም የቸኮሌት ወተት፣ ሳይጠጣ አያልፍም። ጠረጴዛው ላይ የቤቱን ዳቦ አውጥተን በላን። እማዬ የተረፈውን ቆሎ ለሁሉም አከፋፈለች።

ሴት ልጄ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ "እማማ፣ ጅብ የበላት አህያችሁ ስሟ ማን ነበር?"

"ስም የላትም።"

"እንዴት ስም አይኖራትም?"

"ስም ያለው በሬ ነው። ቦራ ነበረን፣ ዳልቻ ነበረን። ሲታረስ ይጠራሉ። አህያ ዝም ብላ አህያ ናት።"

ልጄ ይህን ልትቀበል አልቻለችም። እዚያ ፓርክ ውስጥ ያሉት እንኳ በመዝገብ ስም አላቸው፣ የእናንተዋ በየቀኑ ውሃ እየቀዳችላችሁ ስም አልነበራትም ወይ ብላ ተከራከረች። እማዬ መጀመሪያ ሳቀች። በኋላ ግን ነገሩን አስባው መሰለኝ፣ "ልክ ነሽ፣ ይገባት ነበር" አለች። ከዚያ እስከ ቤርሳቤህ ድረስ መኪናው ውስጥ ክርክሩ ለአህያዋ የሚወጣላት ስም ሆነ። ትንሹ "ሾኮ" ትባል አለ። ልጄ በዕብራይስጥ አንድ አመጣች፣ እማዬ አልወደደችውም። እሷ የመረጠችው "አጋዤ" የሚለውን ነው። ድምፅ ሰጠን፣ አጋዤ አሸነፈች።